ቀላል ስክሪፕትን በሰርቨር ላይ ስለ ማሠራት፤ የባሕረ ሐሳብ ስሌት እንደ ምሳሌ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀላል ስክሪፕት በድረ ገጽ ሰርቨር ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪ ጓደኞቻችን በአጭሩ ማስረዳት ነው። ስለ ጉዳዩ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ምሳሌዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አገር ሱቅ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፥ ተማሪው መልሱ ትክክል ይሁን ስሕተት በራሱ ዕውቀት ለመመርመር አይችልም። ስለዚህ እኛ ምሳሌያችንን ከጣና ዳርቻ ለመውሰድ መርጠናል። ይኸውም የባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ዐቢይ ጾም የሚገባበትንና ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ለብዙ ሰው ሥራ ያስፈልጋል። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚ የሚያመላልሰው ባለ ጀልባ፥ በጾም ወራት ፈላጊው የሚበዛለት ዓሣ ነጋዴ፥ የፈተና ቀን የሚወስነው የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት፥ ሁሉም ይህን ቀን ይጠይቃሉ። ስሌቱም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ፥ ደንቡ የታወቀ ነው። ከዚህም በላይ፥ ደንቡ አጭር ቢሆንም በውስጡ አንድ ጠባብ ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ የተሳተ ስክሪፕት ለብዙ ዓመታት ትክክለኛ መልስ ሲሰጥ ኖሮ አንድ ዓመት ላይ ፋሲካን በሙሉ ሳምንት ያስቀድማል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች እናሳያለን።

፩. ሰርቨር ምንድን ነው? ስክሪፕትስ?

ሰርቨር ማለት ጥያቄ እየጠበቀ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ያለበትም ኮምፒዩተር በዚሁ ስም ይጠራል። መልሱ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ገጽ ነው፤ ሰርቨሩ ገጹን እንዳለ ይልከዋል። ሁለተኛው ጥያቄው በመጣ ጊዜ የሚዘጋጅ ገጽ ነው፤ ሰርቨሩ አንድ ስክሪፕት ይቀሰቅስና ስክሪፕቱ የጻፈውን ይልካል። ልዩነቱ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና በባሕረ ሐሳብ መምህር መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። የቀን መቁጠሪያው የታተመለትን ዓመት ብቻ ያውቃል፤ መምህሩ ግን የትኛውንም ዓመት ቢጠይቁት አስልቶ ይመልሳል።

ስክሪፕት በተራ ጽሑፍ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ተርጓሚ የተባለው ፕሮግራም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽመዋል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች መካከል ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ፐርል፥ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ፓይተን፥ ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያወጣው ፒ.ኤች.ፒ. ይገኛሉ። ሰርቨርና ስክሪፕት የሚነጋገሩበት የመጀመሪያው የጋራ ደንብ፥ በአጭር ስሙ ሲ.ጂ.አይ. የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ኤን.ሲ.ኤስ.ኤ. ተጀመረ። ዛሬ ከሱ የፈጠኑ ሌሎች መንገዶች አሉ። ነገር ግን ሲ.ጂ.አይ. የሥራውን እያንዳንዱን እርምጃ ገልጦ ስለሚያሳይ ለመማሪያ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ጠያቂው በብራውዘሩ የገጹን አድራሻ ይጽፋል፤ ከአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክት ተደርጎ የሚፈልገው ዓመት፥ ለምሳሌ 2018፥ ይከተላል።

፪ኛ፤ ሰርቨሩ አድራሻውን ተመልክቶ የተጠየቀው ፋይል የስክሪፕቶች ማስቀመጫ በሆነው ማኅደር ውስጥ መኖሩን ይረዳል። ስለዚህ ፋይሉን ራሱን በመላክ ፈንታ እንዲሠራ ያደርገዋል።

፫ኛ፤ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ቃል፥ ስምና ዋጋ ባለው ማስታወሻ አድርጎ ለስክሪፕቱ ያስተላልፋል።

፬ኛ፤ ስክሪፕቱ ያሰላል፤ ከዚያም መልሱን ይጽፋል። በመጀመሪያ የመልሱን ዓይነትና የፊደሉን ሥርዐት የሚገልጽ መስመር፥ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር፥ ከዚያ በኋላ ገጹን ራሱን ያወጣል።

፭ኛ፤ ሰርቨሩ ይህን ለጠያቂው ያደርሳል፤ ስክሪፕቱም ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ጠያቂ እንደ አዲስ ይጀምራል እንጂ ያለፈውን አያስታውስም።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች ይቸገራሉ። አንደኛው ፋይሉ በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የመሥራት ፈቃድ ሳይሰጠው መቅረቱ ነው። ሁለተኛው በ፬ኛው እርምጃ የተጠቀሰው ባዶ መስመር መረሳቱ ነው። በሁለቱም ምክንያት ጠያቂው ከመልስ ይልቅ 500 የሚል ቁጥር ያለበት የስሕተት ገጽ ያያል። እንዲህ በሆነ ጊዜ መመልከት የሚገባው የሰርቨሩን የስሕተት መዝገብ ነው፤ ምክንያቱ በዚያ ተጽፎ ይገኛልና።

፪. የስሌቱ ደንብ

አሁን ስክሪፕቱ የሚያሰላውን ደንብ እንግለጽ። ባሕረ ሐሳብ መግደፍ የሚለው፥ በዘመናዊው ሒሳብ አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው። በአብዛኞቹ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ለዚህ የተመደበ ምልክት አለ። ምሳሌያችን 2018 ዓ.ም. ነው።

በመጀመሪያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ 7518። ይህ በ4 ሲገደፍ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። ለ7518 የሚተርፈው 2 ስለ ሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው።

ቀጥሎ መስከረም 1 የሚውልበት ቀን ይፈለጋል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ሙሉው ድርሻ፥ ማለት 1879፥ በ7518 ላይ ሲደመር 9397 ይሆናል፤ ይህም በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። ባዶ ሰኞ፥ 1 ማክሰኞ፥ 2 ረቡዕ እየተባለ ሲቆጠር 3 ሐሙስ ነው። በእርግጥም የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ውሏል።

ሦስተኛው ወንበር ነው። ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ለዘመን ተቀንሶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል፤ 132 በ30 ተገድፎ 12። እንዲሁም በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ 228 በ30 ተገድፎ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸው ለስሌቱ ማረጋገጫ ነው።

መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ 14 ወይም ከዚያ ቢያንስ በጥቅምት። በምሳሌያችን መስከረም 18 ይሆናል፤ ያም ቀን እሑድ ነው። ለየቀኑ የተመደበው ተውሳክ ለእሑድ 7፥ ለሰኞ 6፥ ለማክሰኞ 5፥ ለረቡዕ 4፥ ለሐሙስ 3፥ ለዓርብ 2፥ ለቅዳሜ 8 ነው። መጥቅዕ 18ና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ፤ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ጾመ ነነዌ በጥር፥ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ይገባል፤ ድምሩ ከ30 ቢያልፍ ግን 30 ተገድፎ ወሩ ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። እንግዲህ የ2018 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ነው።

ከነነዌ በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም፥ በ69ኛው ቀን ፋሲካ ይውላል። ስለዚህ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፥ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ይህም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2026 ነው።

ይህ ሁሉ በስክሪፕት ሲጻፍ ከ30 መስመር አይበልጥም። ሰርቨሩም አንዱን ዓመት ለመቶ ጠያቂዎች በሴኮንዶች ውስጥ አስልቶ ሊመልስ ይችላል።

፫. ምንም ሳይተርፍ ሲቀር

ከላይ የተባለው ጠባብ ቦታ እዚህ ላይ ነው። ዓመተ ዓለሙ በ19 ተገድፎ ምንም ባይተርፍ፥ አንድ ለዘመን ከምን ይቀነሳል? ባሕረ ሐሳብ ለዚህ መልስ አለው፤ 19 እንደ ተረፈ ተቆጥሮ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 18 ይሆናል። በቃል የተማረ ደቀ መዝሙር ይህን አይስተውም። ደንቡን ከወረቀት ቀድቶ «ቀሪው ሲቀነስ አንድ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ስክሪፕት ግን ወንበሩን ከዜሮ በታች አንድ፥ ማለት −1፥ ያደርገዋል። ይህ በየ19 ዓመቱ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በ1986፥ በ2005፥ በ2024፥ በ2043 ዓ.ም.።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር እንደ ቋንቋው ይለያያል። −1 በ19 ሲባዛ −19 ነው። ይህ በ30 ሲገደፍ ፒ.ኤች.ፒ. የሚሰጠው ቀሪ −19 ነው፤ ፓይተንና ፐርል ግን 11 ይሰጣሉ። ሁለቱም በየራሳቸው ደንብ ትክክል ናቸው፤ ቋንቋዎቹን የሠሩት ሰዎች ከዜሮ በታች ስላለ ቁጥር ቀሪ የተለያየ ውሳኔ አድርገዋልና። እውነተኛው መጥቅዕ ግን 12 ነው።

በፒ.ኤች.ፒ. የተጻፈው ስክሪፕት ለ2024 ዓ.ም. ነነዌ «የካቲት −13» ነው ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ቀን እንደሌለ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ ስለዚህ ስሕተቱ ወዲያው ተገልጦ ይታረማል። በፓይተን የተጻፈው ግን መጥቅዕን በአንድ ቀን ብቻ አሳንሶ 11 ይላል። በዓለ መጥቅዕ በአንድ ቀን ሲቀድም ተውሳኩ በአንድ ይጨምራልና፥ ድምሩ ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ የ1986፥ የ2005ና የ2024 ዓ.ም. ፋሲካ በዚህ ስሕተት ሲሰላ እንኳ በትክክለኛው ቀን ይወጣል። ስክሪፕቱን በእነዚህ ዓመታት የመረመረ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

በ2043 ዓ.ም. ግን ጥቅምት 12 ቅዳሜ ይውላል። የቅዳሜ ተውሳክ 8፥ ከእርሱ በፊት ያለው የዓርብ ተውሳክ 2 ነው። ትክክለኛው 12ና 8 ተደምሮ 20 ሲሆን፥ የተሳተው 11ና 2 ተደምሮ 13 ይሆናል። ፋሲካ ሚያዝያ 29 መዋል ሲገባው ስክሪፕቱ ሚያዝያ 22 ነው ይላል። ጾመ ነነዌም፥ ዐቢይ ጾምም፥ ዕርገትም፥ ጰራቅሊጦስም ሁሉ በአንድ ሳምንት ይቀድማሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የሚያሳፍር ስሕተት ከሚደበቅ ስሕተት ይሻላል። ስለዚህ ስክሪፕቱ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ራሱን እንዲመረምር ማድረግ ይገባል፤ ወንበር ከ0 እስከ 18 ካልሆነ፥ ወይም አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ፥ ገጹ መልስ በመስጠት ፈንታ ስሕተት መኖሩን ይናገር። ወንበር 0 የሚሆንበት ዓመት ግን ለብቻው መታሰብ አለበት፤ በዚያ ዓመት አበቅቴ ባዶ ነው፥ መጥቅዕም 30 ተብሎ ይወሰዳል። በፓይተን የተጻፈው የተሳተ ስክሪፕት አበቅቴውን 19፥ መጥቅዑን 11 ስለሚያደርግ የድምሩን ፈተና ያልፋል፤ የወንበሩን ፈተና ግን አያልፍም። አንድ ፈተና ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ መሞከሪያ ዓመታት በአጋጣሚ ሳይሆን ታስበው ይመረጡ። እኛ የሚከተሉትን እናቀርባለን። ለተራው ሁኔታ 2018፥ ፋሲካ ሚያዝያ 4። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ለሚውልበት 2019፥ ሚያዝያ 24። ወንበር 0 ሆኖ ድምሩ ከ30 ለሚያልፍበት 2006፥ ሚያዝያ 12። በ19 ተገድፎ ምንም ለማይተርፍበት 2005፥ ሚያዝያ 27፤ 2024፥ ሚያዝያ 24፤ 2043፥ ሚያዝያ 29። ስድስቱን የመለሰ ስክሪፕት ለሕዝብ ሊቀርብ ይችላል።

፬. ጠያቂው ስለሚጽፈው ነገር

ስክሪፕት በሰርቨር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጠያቂው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ዓመት ጻፍ ሲባል አንዱ 2018 ይጽፋል፤ ሌላው ፳፻፲፰ ብሎ በግእዝ አኃዝ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ባዶውን ይተወዋል፤ አራተኛው ሰርቨሩን ለመጉዳት ሆን ብሎ ትእዛዝ ይጽፋል። ስለዚህ የመጣው ቃል አኃዝ ብቻ መሆኑና በተወሰነ ልክ ውስጥ፥ ለምሳሌ ከ1 እስከ 9999፥ መገኘቱ ሳይረጋገጥ ወደ ስሌቱ መግባት የለበትም። የግእዙ አኃዝ ቢመጣ መለወጥ ወይም በትሕትና መመለስ ይገባል። ጠያቂው የጻፈውም ቃል እንዳለ በመልሱ ገጽ ላይ መታተም የለበትም፤ ብራውዘሩ እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይችላልና።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ባሽ በተባለው፥ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ባለው የትእዛዝ ተርጓሚ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 አንድ ጉድለት ተገለጠ፤ ሼልሾክ ተባለ። ሲ.ጂ.አይ. ለስክሪፕት በሚያስተላልፈው ማስታወሻ ውስጥ ተደብቆ የመጣ ትእዛዝ በሰርቨሩ ላይ እንዲፈጸም ያደርግ ነበር። ጉድለቱ ለ25 ዓመታት ያህል ሳይታወቅ መኖሩ በኋላ ታወቀ። ይህም ስለ ተደበቀ ስሕተት ከላይ ያልነውን ያጠናክራል።

፭. ስለ ፊደልና ስለ ሰዓት

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ሚያዝያ» አራት ፊደል ሲሆን 12 ባይት ነው። ስክሪፕቱ ይህን የፊደል ሥርዐት በመልሱ መጀመሪያ ካልገለጸ የወሩ ስም ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፊደሉን ትቶ ባይቱን ቆጥሮ ጽሑፍን የሚቆርጥ ትእዛዝም ፊደሉን ከመካከል ይሰብረዋል።

ስለ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰርቨሮች የሚቆጥሩት ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የሚል ስክሪፕት የሰዓቱ ክልል ካልተነገረው፥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ የትናንትን ቀን ያሳያል።

፮. ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ሰርቨር የግድ በሩቅ አገር መሆን የለበትም። ማንኛውም ተራ ኮምፒዩተር፥ እንደ ራስቤሪ ፓይ ያለ በእጅ መዳፍ የሚያዝ እንኳ ቢሆን፥ ይህን ስክሪፕት ለማሠራት ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከአገር ውጭ ያለ ሰርቨር ለባሕር ዳር ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። በትምህርት ቤቱ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር ግን የግቢው መረብ እስከ ሠራ ድረስ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ቅጂ በቅርብ ማስቀመጥ የሚመከር ነው።

ማስጠንቀቂያም እንጨምራለን። ከቆዩ መጻሕፍት የሚማር ተማሪ ፓይተን ለሲ.ጂ.አይ. ሥራ ያቀርበው የነበረው ሞጁል እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 3.13 ጀምሮ እንደ ተወገደ ይወቅ። ሆኖም ማስታወሻውን በቀጥታ አንብቦ መልሱን መጻፍ ያለዚያ ሞጁልም ይቻላል።

መደምደሚያ

ስክሪፕትን በሰርቨር ላይ ማሠራት ከባድ ጥበብ አይደለም፤ ፋይሉን በቦታው ማስቀመጥ፥ የመሥራት ፈቃድ መስጠት፥ መልሱን በሥርዐት መጻፍ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር የመልሱ ኃላፊነት ነው። በጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቢሳሳት መምህሩ በዚያው ሰዓት ያርመዋል፤ ስሕተቱም ከሁለቱ አያልፍም። በሰርቨር ላይ የተቀመጠ ስሕተት ግን አራሚ ሳያገኝ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይደገማል፤ ባለ ጀልባውም ነጋዴውም ተማሪውም እውነት ነው ብለው ይወስዱታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገጽ ለማውጣት የሚያስብ ተማሪ፥ ስክሪፕቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ሄዶ አስቸጋሪዎቹን ዓመታት አብሮ እንዲያሰላ እንመክራለን። ኮምፒዩተሩ ፈጣን ነው፤ ምንም በማይተርፍበት ዓመት ምን እንደሚደረግ ግን የሚያውቀው መምህሩ ነው።